ሞላውን ማጥበቅ ወይስ መለወጥ?

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ወዳጁን አፈናጥጦ የሚጓዝ ሰው የሞተር ብስክሌቱ የኋላ ሞላ ለክብደቱ ካልተስማማ ወገቡ ይነግረዋል። ምርጫው ሁለት ነው፦ ያለውን ሞላ ማጥበቅ ወይም በጠንካራ መለወጥ።

ማጥበቁ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የሞላውን ማስተካከያ ቀለበት በመፍቻ ማዞር ብቻ ነው። ግን ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ ማጥበቅ ሞላውን ጠንካራ አያደርገውም፣ ኋላውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ እባካችሁ መጀመሪያ ለኩ! ጎማው ከመሬት እንዲለቅ ኋላውን አንሡና ከጎማው መሐል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ኮርቻው ሥር ለኩ፤ ከዚያ ነጂው ተቀምጦ እንደገና። ልዩነቱ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚንቀሳቀስበት ጠቅላላ ርቀት ሲሶ ገደማ ይሁን። ከበዛ ይጥበቅ፣ ካነሰ ይላላ።

መለወጥ ገንዘብ ይጠይቃል። ሆኖም ሞላው እስከ መጨረሻው ጠብቆም ልክ ካልመጣ ሌላ መንገድ የለም። ሌላም ምልክት አለ፦ ነጂው ሲቀመጥ ልኩ ትክክል ሆኖ፣ ሞተር ብስክሌቱ ባዶውን ሲቆም ግን ጭራሽ ዝቅ የማይል ከሆነ ሞላው ለዚያ ሰው ለስላሳ ነው።

እኔ በማጥበቅ ጀምሩ እላለሁ። ሁለት ሞላ ካለው ግራና ቀኙ እኩል ይጥበቅ።