ሌሊት በከንቱ የሚጮኸው የቻይና አላርም፦ ሳጥኑን ከማስቀየራችሁ በፊት

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ባለ ሁለት ሪሞት የቻይና የመኪና አላርም በዋጋው ልክ ጥሩ ዕቃ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ዋናው ሳጥን፣ ሳይረን፣ የንዝረት ሴንሰር፣ የኮፈን ስዊች፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻውን) የሚቆርጥ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ እና ቀይ መብራት አለ። ቪትዝም ኮሮላም ላይ ያለ ብዙ ጣጣ ይገጠማል። የሚታማው በአንድ ነገር ነው፤ ሌሊት ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ሰፈሩ ሲማረር ባለቤቱ ሳጥኑን ያስቀይራል፣ አዲሱም ይጮኻል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሳጥኑ አይደለምና።

መጀመሪያ ሴንሰሩን ለዩ። ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ሥር ያለውን የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉና አላርሙን ቆልፋችሁ አሳድሩት። ዝም ብሎ ካደረ ችግሩ ሴንሰሩ ወይም የታሰረበት ሁኔታ ነው። ከጮኸ ደግሞ በሮቹንና ኮፈኑን ፈትሹ። ምንም የማያስወጣ ሙከራ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ሴንሰሩ ውስጥ ንዝረት ሲነካው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጥ ስስ ዲስክ አለ። በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ከተለጠፈ ፀሐይ ላይ ሲውል ማጣበቂያው ይለቅና ሴንሰሩ ይንጠለጠላል፤ ያኔ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ይነሳል። ክሩስኮቱ ሥር ጠንካራ ብረት ላይ በብሎን ይታሰር። ከዚያ የማስተካከያዋን ብሎን በትንሽ ካቻቪቴ እስከ ዝቅተኛው መልሱና በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ የበሩን ምሰሶ በጡጫ ጎን ምቱ። ቀላል ምት አጭር ማስጠንቀቂያ፣ ጠንካራ ምት ሙሉ ጩኸት ሲሰጥ በቃ። ጫፍ ላይ ስትደርስ አታስገድዷት፣ ውስጧ ይሰበራል።

የዕቃው እውነተኛ ድክመት የኮፈን ስዊቹ ነው። ስፕሪንጉ ስስ ነው፣ ውኃ መከላከያውም የይስሙላ ነው። ሞተር ሲታጠብ ውኃ ይገባዋል፣ ከርሞ ይዝጋል፣ ሳጥኑም ኮፈኑ የተከፈተ ይመስለዋል። ሽቦውን ነቅላችሁ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርጉና በስዊቹ ተርሚናልና በማሳ (በመኪናው ቦዲ ብረት) መካከል ለኩ። ስዊቹ ሲለቀቅ ወደ ዜሮ መጠጋት፣ ሲጫን ሙሉ በሙሉ መቆረጥ አለበት። ተጭኖ እያለ ቁጥሩ የሚዋልል ከሆነ ውስጡ እርጥበት ወይም ዝገት አለና ቀይሩት፤ ጥራት ያለው ጎማ የለበሰ ስዊች ከአላርሙ ጋር አብሮ መግዛት ይሻላል። ስዊቹ ደህና ሆኖ ኮፈኑ በደንብ ካልተጫነውም ያው ጩኸት ነው፤ የቆመበትን ብረት ትንሽ ከፍ አድርጉ።

በሮቹ ቀላል ናቸው። ሁሉንም ዘግታችሁ በየተራ ስትገፏቸው የውስጥ መብራት ብልጭ ካለ የዚያ በር ስዊች ነው። ከሳጥኑ የሚመጣው የበር ሽቦ በብዙ ቶዮታ ላይ በሩ ሲዘጋ ወደ 12 ቮልት፣ ሲከፈት 0 ያሳያል።

ባትሪውንም አትርሱ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከ12 ሲወርድ አንዳንዱ ሳጥን ይወናበዳል። አላርሙ ባትሪ ይጨርሳል የሚባለውን ለማጣራት የማሳውን (ኔጌቲቭ) ገመድ ከባትሪው ንቀሉ፣ ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርጋችሁ በገመዱና በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ መካከል አስገቡና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ከ50 ሚሊ አምፒር በታች ከሆነ ደህና ነው። ቴስተሩ እንደተገናኘ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፣ ፊውዙ ይቃጠላል።

ሳይረኑ ጥሩ ነው። ሪሞቱ ርቀት ሲያጣ መጀመሪያ ባትሪዋን ቀይሩ፣ ካልተሻለው የሳጥኑ አንቴና ሽቦ ተጠቅልሎ እንዳይሆን ዘርጉት። የሪሌው ሽቦዎች ግን ተጠምዝዘው በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለሉ መገጣጠሚያው ይግልና አንድ ቀን ሞተሪኖው ዝም ይላል። ገጣሚው በስታኞ (በሚቀልጥ የብየዳ ሽቦ) እንዲበይዳቸው ጠይቁ፣ ክሩስኮቱ ሳይዘጋም በዓይናችሁ እዩ።