የፍሪሲዮን ሆዝ ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ በተለይ አዳማ ያላችሁ

አሮጌ ስፖርት መኪና የምትነዱ ወገኖች፣ እኔ 14,500 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

መኪናዬ የ1994 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ ማኑዋል። ፍሪሲዮኗ (ማርሽ ስትቀይሩ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው) በዘይት ነው የሚሠራው። ሲረገጥ ላይኛው ፓምፕ ዘይቱን ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎን ወዳለው ታችኛው ፓምፕ ይገፋል። መስመሩ አብዛኛው ብረት ነው፤ ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥ ግን መሀሉ ላይ አጭር የጎማ ሆዝ አለው። ሠላሳ ዓመት ሙቀት የበላ ጎማ በረገጣችሁ ቁጥር ይነፋል፣ ፔዳሉም ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል። ስለዚህ በብረት ሽቦ የተጎነጎነ ሆዝ ላስገባ ማለቴ ሞኝነት አልነበረም። ሞኝነቴ ሌላ ቦታ ነው።

ሻጩ ሆዙን ከላስቲኩ አውጥቶ ባንኮው ላይ ሲዘረጋው ብልጭ አለብኝ። «ብራዘር፣ ይሄ የሬስ ነው፣ ከዱባይ ነው የገባው። ፔዳልህ ድንጋይ ይሆንልሃል። ፍሪሲዮን ማንሸራተት ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እርሳው» አለኝ። እዚህች ጋ ነበር ከሱቁ መውጣት የነበረብኝ። ሆዝ ሥራው እግራችሁ ሲረግጥ ፍሪሲዮኑን ማላቀቅ ነው። መንሸራተት፣ ማለትም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልጎተት ሲል፣ የሚመጣው እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ሳይኖር ነው፤ ሸራው (ሞተሩንና ካምቢዮውን ይዞ የሚያያይዘው) ሲያልቅ፣ ስፕሪንጉ ሲደክም ወይም ዘይት ሲነካው። አልፎ አልፎ ውስጡ ያበጠ ያረጀ ሆዝ ዘይቱን አልመልስም ብሎ ሊያንሸራትት ይችላል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ሆዝ ሽጦ ያለቀ ሸራ አድናለሁ የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል፤ ሁለቱም ለእናንተ አይበጅም።

ዋጋው 16,000 ነበር። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 1,500 ልቀንስልህ» አለ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ጋራዥ ወስጄው ልጁ ሲገጥም አጠገቡ ቆሜ ነበር። ፊቲንጉ (የሆዙ ጫፍ ላይ ያለው ጥርስ ያለው ማያያዣ) ታችኛው ፓምፕ ውስጥ በጣት ብቻ ሰተት ብሎ ገባ። «አየህ፣ ልክክ ያለ ነው» ተባባልን። ልክክ አላለም ነበር! የጃፓን መኪኖች የዘይት መስመር ላይ በብዛት የምታገኙት ጥርስ 10 ሚሊሜትር ስፋት፣ በየ1 ሚሊሜትሩ የተቆረጠ ነው። የኔው ፊቲንግ የአሜሪካ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ 3/8 ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ በኢንች 24 ጥርስ። ስለሚቀጥን ይገባል፤ እንዲያውም ከትክክለኛው ይልቅ ቀለል ብሎት ይገባል። በቁልፍ ሲጠብቅ ግን የፓምፑን ጥርስ ይበላዋል። ዘይት የሚዘጋውም ጥርሱ ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለው ሾጣጣ ሲሆን፣ የሁለቱ ሾጣጣ ማዕዘን ደግሞ አንድ አይደለም። ጫፉ ላይ ዘይት ሲያንጠባጥብ ልጁ ምን አደረገ? የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበትን ነጭ ቴፍሎን ጠመጠመበት። ቴፍሎኑ ማንጠባጠቡን ለጊዜው ደበቀው።

የመጀመሪያው ሳምንት፣ እውነቱን ልናገር፣ ፔዳሉ ጥሩ ነበር። ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

በሁለተኛው እሁድ ከሶደሬ ስመለስ አዋሽ መልካሳ ላይ ማርሽ ልቀይር ስረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ስቤ አነሳሁት፣ ተመልሶ ወደቀ። ዳር ይዤ ስቆም አንድ ባጃጅ አጠገቤ መጥቶ «ኦቦሌሳ፣ ዘይት እያፈሰስክ ነው» አለኝ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ እየተንፈራገጠች ተነሳች፤ ያንን ሁሉ ዳገት እስከ አዳማ በሁለተኛ ማርሽ እየዘለልኩ መጣሁ። ይህንን አድርጉ አልላችሁም። ከተማ ውስጥ በእሁድ ጭር ባለ ሰዓት ስለገባሁ ነው የተረፍኩት።

ቀደም ብዬ መሄድ የነበረብኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ሆዙን አውልቀው በምላጭ ለሁለት ሰነጠቁት። ከላይ የሚያብረቀርቀው ጉንጉን እንደ ካልሲ ተገፈፈ፣ ከሥሩ ጥቁር ጎማ ወጣ። የውስጡ ግድግዳ አብጦ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል፣ ከውስጡ የወጣው ዘይት ደግሞ የቡና አተላ ይመስላል። «ልጄ፣ ይሄ የዶዘር ሆዝ ነው፤ ልብስ አልብሰውት ነው የሸጡልህ» አሉኝ። የዶዘርና የሎደር ሃይድሮሊክ ሆዝ የሚሠራው ለማዕድን ዘይት ነው። ፍሪሲዮን ውስጥ ያለው ደግሞ የፍሬን ዘይት ነው፣ ባሕርዩ ፍጹም ሌላ ነው፤ ያንን ጎማ ቀስ እያለ ይበላዋል። በተገላቢጦሽም የሞተር ወይም የሃይድሮሊክ ዘይት ፍሪሲዮን ውስጥ ከጨመራችሁ የፓምፖቹን ጎሚኒ (ውስጥ ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ) ያሳብጣል። የጎማው ፍርፋሪ ሁለቱም ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ነበር። የታችኛው ጥርሱም ስለተበላ ሙሉውን ገዛሁ። የፈሰሰው ዘይት የነካውን ቀለም ሁሉ አንስቶታል።

ሻጩ ጋ ተመለስኩ። መጀመሪያ «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም»፣ ቀጥሎ «መካኒክህ ነው ያበላሸው»፣ በመጨረሻ ደግሞ «ከኔ ነው የገዛኸው?» አለኝ። ሦስተኛዋ ናት ዝም ያሰኘችኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፣ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። እኔ ግን ማስረጃዬን በ1,500 ብር ሸጬዋለሁ። ምን ይዤ ልክሰስ?

እንግዲህ ልትገዙ ከሄዳችሁ፣ አሮጌውን ሆዝ ወይም ፓምፑን ይዛችሁ ሂዱ። ፊቲንጉን በጣት አስገቡና ወዝውዙት፤ ከተወዛወዘ ልኩ አይደለም፣ «ሲጠብቅ ይይዛል» ቢሏችሁ አትስሙ። የሆዙን አፍ በስልክ መብራት እዩት፦ እውነተኛው የተጎነጎነ ሆዝ ውስጡ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ወተት መሳይ የቴፍሎን ቱቦ ነው። የጎማ ከሆነ ለፍሬን ዘይት የተሠራ መሆኑ ላዩ ላይ የተጻፈበትን ፈልጉ። ባዶ ከሆነ፣ የአምራች ስም እንኳ ከሌለው፣ ተዉት። ዶዘር ሆዝ ፕሬስ የሚያደርግ ቤት «እኔ እሠራልሃለሁ» ቢላችሁም ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ከዘይቱ መስመር ውስጥ አየሩን አስወጥታችሁ፣ የፓምፖቹን ጎሚኒ ቀይራችሁ ሞክሩ። ሽማግሌው ለእኔ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አዲስ ተራ የቶዮታ ጎማ ሆዝ፣ አዲስ ጎሚኒ፣ አዲስ ዘይት። ፔዳሉ ከዚያ የሬስ ከተባለው አይተናነስም። ከመጀመሪያው እሳቸው ጋ ብሄድ ኖሮ የታችኛውን ፓምፕ ዋጋ አልከፍልም ነበር፤ አሁን የዶዘሩን ሆዝ ጨምሮ ጠቅላላው ከ20 ሺህ ብር አልፏል።

የተሰነጠቀው ሆዝ አሁንም መኪናዬ ውስጥ ነው። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነኝ፤ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በዓይናችሁ አይታችሁ ማመሳከር የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ይዤው እመጣለሁ።