ቁፋሮ ላይ ያለ ወይስ ስትራክቸሩ ያለቀ? አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 20 ፎቅ ላይ ቤት ሲገዛ

ቁፋሮ ላይ ያለው ስትራክቸሩ (የኮንክሪት ምሰሶውና ወለሉ) ካለቀው ይልቅ ርካሽ ነው። ልዩነቱን ግን እንደ ቅናሽ አትዩት፤ ለገንቢው ያለ ወለድ የምታበድሩት ገንዘብ ዋጋ ነው።

ረጅም ሕንፃ ጊዜ የሚበላው ከመሬት እስኪወጣ ነው። ሦስት ቤዝመንት ማለት ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ጉድጓድ ነው። ጥቁር አፈር ባለበት ሰፈር የጎረቤት አጥር እንዳይናድ ዙሪያው መደገፍ አለበት፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላና ሥራ ይቆማል። ሕንፃው ከመሬት ከወጣ በኋላ ግን የአንድ ወለል ኮንክሪት በሁለት ሦስት ሳምንት ይሞላል። ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ «በ24 ወር ቁልፍ» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑት።

ስትራክቸሩ ያለቀው ብልጫው ዓይን የሚያየው መሆኑ ነው፤ ያውም ልስን ሳይመታ ከደረሳችሁ። ወደ ፎቃችሁ ውጡና የኮለኑን (የምሰሶውን) እግር እዩ። ኮንክሪት ከከፍታ ሲጣል፣ ቫይብሬተርም (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው መሣሪያ) በደንብ ካልገባ፣ ጠጠሩ ከሲሚንቶው ተለይቶ ታች እንደ ማር እንጀራ ይቦረቦራል። አንዳንዴ በሞርታር (በአሸዋና ሲሚንቶ ድብልቅ) ተለብጦ ታገኙታላችሁ፤ በሳንቲም ፋቅ ሲደረግ እንደ ዱቄት ከረገፈ ልባስ ነው። ፌሮ (ውስጡ ያለው ብረት) ከታየማ መሐንዲስ ሳትይዙ አትፈርሙ። የፎቃችሁን የ28 ቀን የኩብ ውጤትም (ከኮንክሪቱ ናሙና ተወስዶ በ28ኛው ቀን የሚደረግ የጥንካሬ ፈተና) ጠይቁ፤ የሕንፃውን «አማካይ» አትቀበሉ። ልስንና ቀለም ካለፈ ይህ ሁሉ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ካለቀው ይልቅ ጥሬው ይሻላል እንላለን።

በሕግ በኩል ቁፋሮ ላይ የሚገዛው ያን ያህል ሜዳ ላይ አልወደቀም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2876 ገና ያልተሠራ ቤት ሽያጭ የሚታየው እንደ ግንባታ ሥራ ውል ነው፤ አንቀጽ 3039 ደግሞ ከርክክብ ጀምሮ የ10 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ክፍያውን ግን ከሥራው ጋር እሰሩት፦ መሠረት ሲሞላ፣ የእናንተ ወለል ሲሞላ፣ ብሎኬት ሲያልቅ። በየሦስት ወሩ የሚከፈል ከሆነ ሥራው ቢቆምም እናንተ ትከፍላላችሁ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ «የዋጋ ማስተካከያ» የሚለውን አንቀጽ «ከዚህ አይበልጥም» የሚል ጣሪያ ሳያበጁለት መፈረም ሞኝነት ነው።

ካሬውን በሁለቱም ጠይቁ። 100 ካሬ ተብሎ 20 በመቶው የጋራ (ኮሪደር፣ ደረጃ) ከሆነ ቤታችሁ 80 ነው።

ውሃውን ራሳችሁ አስሉት። 80 አባወራ፣ በቤት 4 ሰው፣ በሰው 80 ሊትር ቢባል በቀን 25,600 ሊትር ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሦስት ቀን 77 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ቁፋሮ ላይ ከሆነ ታንከሩ ፕላኑ ላይ መኖሩን አይታችሁ ማስተካከል ይቻላል፤ ስትራክቸሩ ካለቀ ቤዝመንት ወርዳችሁ በሜትር ለኩት። ጄኔሬተሩም ሊፍቱንና ፓምፑን አንድ ላይ መሸከም አለበት፤ መብራት ሲሄድ 14ኛ ፎቅ ላይ ውሃ በጀሪካን የሚያወጣ የለም።