ቆዬ ፈጬ የተከፈተው ሱፐርማርኬት፦ ምኑ ይገዛል፣ ምኑ ይቅር?

ስሙን አልጠራም። መሀል ከተማ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ያለው፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ሱፐርማርኬት ነው። የብሎካችን ሰው ሁሉ «እንዴት ነው?» እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ሰፈሩን ለማታውቁ፣ ቆዬ ፈጬ የአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጎረቤት። ማሳ የነበረ ሜዳ ላይ ኮንዶሚኒየም ተደርድሮ ደሴት የመሰለ ከተማ ሆኗል። ሰዉ በጅምላ ገባ፤ ገበያው ግን አብሮት አልገባም። አንዱ ምክንያት የምድር ቤቶቹ ናቸው። መኖሪያው በዕጣ ሲደርሰን፣ የንግድ ቤቶቹ የተሸጡት በጨረታ ነው። በጨረታ ተሻምቶ የገዛ ሰው ደግሞ በርካሽ አያከራይም። ስለዚህ ባንኩ፣ ፋርማሲውና ካፌው ምድር ቤቱን ያዙ፤ ሽንኩርት ሻጯ ላስቲክ ወጥራ ውጭ ቀረች። አሁን ደግሞ ያንን ኪራይ የሚችል ሱፐርማርኬት መጣ።

ደስ ካለኝ ልጀምር። ዋጋ ተለጥፏል። ዘይት፣ ፓስታ፣ ዳይፐር፣ የልብስ ሳሙና አይጠፋም። ድሮ ለዳይፐር ብለን መገናኛ ድረስ ታክሲ እንሰለፍ ነበር፤ ያ ቀርቶልናል። ሚዛኑም አይዋሽም። አንዴ ቲማቲም ሳስመዝን፣ ልጅቷ ከሥር የተደበቀውን የፈረጠ ቲማቲም በሁለት ጣቷ አውጥታ በሌላ ተካችልኝ፤ ከዚያ ነው ዋጋውን የለጠፈችው። ተባረኪ ብያታለሁ።

አሁን ወደ ሮሮዬ። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይዘጋል። ኧረ ጎበዝ! እዚህ ሰፈር ሠራተኛው ከመሀል ከተማ የሚገባው ስንት ሰዓት ነው? ባሱ ሲያራግፈን በሩ ተከርችሞ ጥበቃው ወንበር እያስገባ ነው የምናገኘው። የቦሌን ሰዓት እንዳለ አምጥተው ነው የሰጡን።

መልስ ደግሞ የለም። «ማስቲካ ልስጥዎት?» ትላለች ካሸሯ። ባለ ባጃጁ እኮ ማስቲካ አይቀበለኝም። በቴሌብር ክፈሉና ተገላገሉ።

ትልቁ ነገር ግን ልኩ ነው። በርበሬው በኪሎ ታሽጓል፣ ሽሮውም እንደዚያው። ወር አጋማሽ ላይ በኪሎ በርበሬ የሚገዛ ማነው? የደረጃው ሥር ባለሱቅ ሩብ ኪሎ ትመዝናለች፣ ሲቸግር በደብተሯ ትጽፋለች። ሱፐርማርኬቱ ዱቤ ይስጠኝ አልልም። ግን ትንንሽ እሽግ ማዘጋጀት ያቅታል? የኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ብዙ ግዙ ብለው ሲያበቁ የሚያደርስ ልጅ እንኳን አልቀጠሩም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ሲከፍት «አገሩ ሁሉ ሱፐርማርኬት ሊሆን ነው» ተብሎ ነበር። ይምጡ፣ እኔ አልጠላም። ግን ፈረንጅም ይሁን ያገር ልጅ፣ ዳር ከተማ ሲመጣ መጀመሪያ ጉሊት ቁጭ ብሎ ሰው በስንት ብር ምን እንደሚገዛ ቢያይ ደግ ነው።

አትክልት አሁንም ከላስቲኳ ሴትዮ ነው የምገዛው፤ ጎመኗ ጠዋት የተቀጠፈ ነው፣ የነሱ ግን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ያልበዋል። እንጀራቸውን አንዴ ሞክሬያለሁ፤ ይቅር።

ሥጋና ወተት እዚያ አልገዛም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ አምፖሉም የሒሳብ ማሽኑም ይሠራል። አንድ ቀን ግን እጄን ማቀዝቀዣው ውስጥ ብሰድ የወተቱ ከረጢት ለብ ብሏል። ልጁን ብጠይቀው «ፍሪጁን አይችልም፣ እናቴ» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አመስግኜው፣ ዳይፐሬን ይዤ ወጣሁ።