የተነቀለ መንጋጋ ሲተካ፦ ተነቃይ፣ ብሪጅ ወይስ ኢምፕላንት?

በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሱቆች መሃል የጥርስ ክሊኒክ ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም። የታች መንጋጋውን ያስነቀለ ሰው ገብቶ የሚጠይቀው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ነው?» እና «ያስታውቃል?» ከላይኛው ጥርስ ጋር እንዴት እንደሚገጥም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ሦስቱን የማወዳድረው በዚሁ ነው።

ጤነኛ አፍ ሲገጠም የላይኛው ረድፍ የታችኛውን በጥቂቱ ከውጭ ያቅፋል፤ የመንጋጋው ጉብታም በተቃራኒው ጥርስ ጎድጓዳ ላይ እንደ ዘነዘና በሙቀጫ ያርፋል። ከሁለቱ መሃለኛ የታች የፊት ጥርሶችና ከመጨረሻዎቹ የላይ መንጋጋዎች በቀር እያንዳንዱ ጥርስ የሚገጥመው ከሁለት ጥርሶች ጋር ነው። ስለዚህ በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው ትልቁ የታች መንጋጋ ሲነቀል ከላይ ያሉ ሁለት ጥርሶች የሚገጥሙት ይጎድልባቸዋል። ክፍተቱ ዝም ከተባለ ከጊዜ በኋላ የላይኛው ወደ ታች ይወርዳል፣ ከኋላ ያለው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ያኔ ለአዲሱ ጥርስ ቦታ ይጠባል። ጥርሳችሁን ገጥማችሁ፣ ጉንጫችሁን በጣት ሳብ አድርጋችሁ በመስታወት እዩት። የላይኛው ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ከታየ፣ እሱን መሞረድ ወይም ክራውን (እንደ ቆብ ያለ ሽፋን) ማልበስ በዋጋው ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ተነቃይ ጥርስ ከሦስቱ ርካሹ ነው። የፕላስቲኩ ዓይነት ድድ ላይ ስለሚቀመጥ የማኘክ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ድድ ነው፤ ድድ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም። እንጀራ በወጥ ያለ ችግር ይበላበታል። ቡና ላይ ቆሎ ሲመጣ ነው ጉዱ፦ አንዲት የገብስ ፍሬ ከሥሩ ገብታ ድድ ስትወጋ ሰው ጨዋታውን አቋርጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከሥር ያለው አጥንት እየሟሸሸ ስለሚሄድ ልኩም ይላላል። ቢሆንም ጥርስ አያስቆርጥም፣ አዘውትሮ ለሚያደርገው ሰውም የላይኛው እንዳይወርድ ያግዛል። ብር እስኪጠራቀም ጥሩ ማቆያ ነው እላለሁ።

ብሪጅ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው በእነሱ ላይ የሚጣበቅ ነው። ጉልበቱ በተፈጥሮ ሥሮች ላይ ስለሚያርፍ ማኘኩ ደህና ነው። የተሞረደ ኤናሜል (የጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን) ግን ተመልሶ አይበቅልም። ጎረቤቶቹ ቀድሞውኑ በሰፊው የተሞሉ ወይም የተሰበሩ ከሆኑ ክራውን መፈለጋቸው ስለማይቀር ብሪጅን አስቀድሙ። ምንም ያልነካቸው ከሆኑ ግን እኔ አላስሞርዳቸውም። ከብሪጁ በታች ለማጽዳት ተራ ብሩሽ አይበቃም፤ አንደኛው ተሸካሚ ጥርስ ከበሰበሰ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ኢምፕላንት ውዱ ነው፤ ስለ መግጠም ስናወራም ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው እሱ ነው። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የተከለው የታይታኒየም ሥር ከአጥንት ጋር ይዋሃዳል፤ ጎረቤት ጥርስ አይነካም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የተፈጥሮ ጥርስ በቀጫጭን ጅማቶች ከአጥንቱ ጋር ተያይዞ የቆመ ስለሆነ ሲነከስበት በጥቂቱ ይሰምጣል፣ ጉልበት ሲበዛም ለአንጎል ያሳውቃል። ኢምፕላንት ጅማት የለውም፣ አይሰምጥም። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ሐኪም ቀስ ብላችሁ ስትገጥሙ እምብዛም እንዳይነካ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትነክሱ ብቻ ከሌሎቹ እኩል እንዲሠራ አድርጎ ያስተካክለዋል። ቀድሞ የሚገጥም ከሆነ ጥርሱን የያዘው ብሎን ይላላል ወይም ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ማታ ጥርስ የምታፋጩ ከሆነ ሳትጀምሩ ተናገሩ። ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታ ውጤቱን ያበላሻሉ። ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ደግሞ አይተከልም፤ ሌሎቹ ጥርሶች ከመንጋጋ አጥንቱ ጋር ሲያድጉ እሱ ባለበት ይቀራል።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ለክራውንና ለብሪጅ የሚውለው ዚርኮኒያም የኢምፕላንቱ ታይታኒየምም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሰኔ ዋጋ ለመስከረም አይሠራም። የተነገራችሁ ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና አጽፉ።

ዳር ከተማ ለሚኖር ሰው አንድ ሌላ ሂሳብ አለ። ተነቃይ ጥርስ ድድ እየላጠ «እዚህ ጋ ነካ አድርጉልኝ» ማለት ስለማይቀርለት ከሰፈር ክሊኒክ መግዛቱ ያዋጣል። ኢምፕላንት ግን አጥንቱ እስኪይዘው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ስለሚጠበቅ ቀጠሮው የተራራቀ ነው፤ ልምድ ያለው ሐኪም ፍለጋ የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ ቢሰለፉለት አይቆጭም። ራጁ የት እንደሚነሳም ጠይቁ፤ ለእሱ ብቻ መሃል ከተማ መሄድ ሊኖር ይችላል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ከተገጠመ በኋላ ባለቀለም ቀጭን ወረቀት አስነክሰው ነጥቦቹን ሳያዩ ከወንበሩ አትነሱ። አዲሱ ብሪጅ ላይ አንድ ትልቅ ደማቅ ነጥብ ወጥቶ ጎረቤቶቹ ላይ ምንም ከሌለ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ይሞረዳል፣ የተሞረደውም ቦታ ይወለወላል፤ ሻካራ ሆኖ የቀረ የብሪጅ ሸክላ (ፖርሴሊን) የላይኛውን ጥርስ ይበላል። በማደንዘዣ የተደነዘዘ አፍ ደግሞ በትክክል ስለማይነክስ፣ ድንዛዜው ከለቀቀ በኋላ አንዱ ጥርስ ቀድሞ ሲገጥም ከተሰማችሁ «ይለመዳል» ሳትሉ በማግስቱ ተመለሱ።