የድሮ ሽጉጥ ምርመራ በደሴ ፒያሳ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚገምቱ አንድ አዛውንት፣ ከአያቴ የወረስነውን ፈቃድ ያለው የጣሊያን ሥሪት ቤሬታ ሞዴል 1934 ሽጉጥ የመረመሩበት ጥንቃቄ ከልብ የሚመሰገን ነው። ባዶነቱን ሳያረጋግጡ ሥራ አልጀመሩም። ቤተሰባችን መሣሪያው ማይጨው ላይ የተማረከ ነው ሲል ቢኖርም፣ እርሳቸው በማጉሊያ መነጽር «1937» ከሚለው የፈረንጆች ዓመት ጎን የተቀረጸውን የሮማውያን ቁጥር 15 አሳይተው፣ ይህ ከፋሺስቶች ሥልጣን መያዝ ጀምሮ የሚቆጠር ዓመት መሆኑንና ሽጉጡም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 ከተደረገው ከማይጨው ጦርነት በኋላ መሠራቱን አስረዱኝ፤ እውነቱን ማወቄ ለእኔ ከዋጋው ይበልጣል። የአካሉና የላይኛው ተንሸራታች ብረት ቁጥር መመሳሰሉ፣ የመጀመሪያ ቀለሙም አለመነካቱ ዋጋውን ስለሚጠብቁለት፣ በብርጭቆ ወረቀት እንዳላሻሸው አጥብቀው መከሩኝ። ግምታቸውን በጽሑፍ ቢሰጡ ኖሮ አገልግሎቱ የተሟላ ይሆን ነበር።