የቲክቶክ ፕሌይሊስት፦ ለባለገጹ የተሰጠ፣ ለተመልካቹ ያልደረሰ

በቲክቶክ ላይ ትረካ ወይም ትምህርት እየከፋፈሉ የሚያቀርቡ የአማርኛ ገጾችን የሚከታተል ሰው በአስተያየት መስጫው ሥር ደጋግሞ የሚያነበው ጥያቄ «ክፍል ሁለት የታለ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከተመልካቹ ስንፍና የመጣ አይደለም። መተግበሪያው ቪዲዮዎችን የሚያቀርበው በወጡበት ተራ ሳይሆን ተመልካቹን ይስባሉ ብሎ በገመተው መሠረት በመሆኑ፣ አራተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ቀድሞ ሊመጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። የቪዲዮ ርዝመት ገደቡም ለልማዱ መንገድ ከፍቷል። ገደቡ ከ60 ሰከንድ ወደ 3 ደቂቃ ከፍ ያለው በ2021 እ.ኤ.አ.፣ 10 ደቂቃ የደረሰው ደግሞ በ2022 በመሆኑ፣ ረዘም ያለ ነገር ያለው ሰው ከዚያ በፊት እየቆራረጠ ከማቅረብ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ገደቡ ከላላ በኋላም መቆራረጡ አልቀረም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ባለገጽ ተመልካቹን ደጋግሞ ለማስመለስ ሲል ሆን ብሎ የሚቆርጥ ይመስላል።

ፕሌይሊስት የሚባለው፣ ቪዲዮዎችን በአንድ ስም ሥር በተራ የሚደረድር አገልግሎት ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ባለገጹ በፕሮፋይሉ የቪዲዮ ክፍል ውስጥ ያለውን የፕሌይሊስት ማደራጃ ይነካል፣ ለዝርዝሩ ስም ይሰጣል፣ ከዚያም የሚገቡትን ቪዲዮዎች መርጦ እየጎተተ በሚፈልገው ተራ ያስቀምጣቸዋል። ዝርዝሩ በፕሮፋይሉ ላይ ከቪዲዮዎቹ በላይ ይታያል። ከክፍሎቹ አንዱን በአጋጣሚ ያገኘ ተመልካችም ከቪዲዮው ግርጌ የዝርዝሩን ስም የያዘ መስመር ስለሚያይ፣ እሱን ነክቶ የቀሩትን በተራቸው ያገኛቸዋል። በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ዋና ብልሃት ይህች የግርጌ መስመር ናት፤ ተመልካቹ ወደ ፕሮፋይሉ ገብቶ በተደባለቁ ቪዲዮዎች መካከል ከመባዘን ይድናልና።

ለዝርዝሩ ስም የሚሰጠው ቦታ 15 ቁምፊ ብቻ መሆኑ ጠባብ ነው። በዚህ ረገድ ግን በግእዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ዕድለኛ ነው፤ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ «የ12ኛ ክፍል ሒሳብ» የሚለው ስም ከነክፍተቱ 12 ቁምፊ ብቻ ይወስዳል፤ ያው ስም በላቲን ፊደል ቢጻፍ ከገደቡ ያልፋል። ይህን የመሰለ ቦታ እያለ ዝርዝሩን «ምርጥ ቪዲዮዎች» ብሎ መሰየም ማባከን ነው።

ከባዱ ገደብ ሌላ ነው፤ አንድ ቪዲዮ ሊገባ የሚችለው በአንድ ፕሌይሊስት ውስጥ ብቻ ነው። ለተከታታይ ድራማ ወይም ለትረካ ይህ ምንም አይጎዳም፤ ሦስተኛው ክፍል ከሁለተኛውና ከአራተኛው መካከል በቀር ሌላ ቦታ የለውምና። የምግብ አዘገጃጀት የሚያስተምር ገጽ ግን ወዲያውኑ ይቸገራል። የሽሮ ወጥ ቪዲዮ «የጾም ምግቦች» በሚለው ውስጥ ከገባ «ለጀማሪዎች» በሚለው ውስጥ አይገባም፤ በሁለቱም እንዲገኝ የሚፈልግ ባለገጽ ቪዲዮውን ዳግመኛ መጫን ሊኖርበት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እይታውም አስተያየቱም ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ በቲክቶክ ላይ ፕሌይሊስት የሚሠራ ሰው ቪዲዮዎቹን በርዕሰ ጉዳይ ከመከፋፈሉ በፊት፣ ተራ ያላቸውን ብቻ ለይቶ ቢያወጣና ተራ የሌላቸውን ሳያደራጅ ቢተዋቸው ይሻላል እላለሁ። በተጨማሪም ለሁሉም ሰው ክፍት ያልሆነ ቪዲዮ ወደ ዝርዝሩ አይገባም፤ ምርጫው ራሱም በሁሉም አካውንት ላይ አይገኝም። ፕሌይሊስትን መሰረዝ ቪዲዮዎቹን ስለማያጠፋ ግን ሞክሮ ማፍረስ አያስፈራም።

ተመልካቹስ? ለእርሱ የቀረበለት የዕልባት ምልክቱን ነክቶ ቪዲዮውን ማስቀመጥ፣ የተቀመጡትንም ስም በሰጣቸው ኮሌክሽኖች መክፈል ነው፤ ኮሌክሽኑን ለራሱ ብቻ ሊያደርገው ወይም ለሌሎች ሊከፍተው ይችላል። ያየውን ነገር እንዳይጠፋበት ለሚፈልግ ሰው ይህ በቂ ነው። ይሁን እንጂ ኮሌክሽን ማከማቻ እንጂ ማጫወቻ አይደለም፤ ከአምስት የተለያዩ መምህራን የተሰበሰቡ ትምህርቶችን ከቀላል ወደ ከባድ ደርድሮ ለማጥናት ታስቦ የተሠራ አይመስልም። ባለገጹ ካላደራጀ ተመልካቹ ሊያደራጅለት አይችልም፤ በእኔ ሚዛን የቲክቶክ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ዩቲዩብን ከጎኑ ስናስቀምጥ ልዩነቱ ይጎላል። እዚያ ማንኛውም ተጠቃሚ ከየትኛውም ቻናል ቪዲዮ አሰባስቦ የራሱን ፕሌይሊስት መሥራት፣ አንዱን ቪዲዮ በፈለገው ቁጥር ባሉ ዝርዝሮች ውስጥ ማስገባት፣ ተራውን በእጁ ማስተካከል ወይም ቪዲዮዎቹ በገቡበት ወይም በወጡበት ቀን እንዲደረደሩ ማድረግ ይችላል። ዝርዝሩ እስከ 5,000 ቪዲዮ ይይዛል፤ ለሁሉም ክፍት፣ ሊንኩ ላለው ብቻ የሚታይ ወይም የግል ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ እጅግ ጠቃሚው መካከለኛው ነው፤ አንድ መምህር የፈተና ዝግጅት ቪዲዮዎችን ደርድሮ ሊንኩን በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቢለጥፍ፣ ተማሪዎቹ ቪዲዮ ፍለጋ ሳይባዝኑ በተራው ይማራሉ፤ ሌሎች ሰዎችን ጋብዞ ቪዲዮ እንዲጨምሩበት ማድረግም ይቻላል። ለቲክቶክ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ዩቲዩብም ቢሆን ባለቻናሉ ፕሌይሊስቱን እንደ ተከታታይ ዝግጅት ሲመዘግብ አንዱን ቪዲዮ በሁለት ተከታታዮች ውስጥ እንዲያስገባ አይፈቅድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መተግበሪያው «ቀጣዩ የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ፣ ዩቲዩብ ገደቡን ለዚህ ልዩ ዓይነት ብቻ አድርጎ መደበኛውን ፕሌይሊስት ነጻ ሲተው፣ ቲክቶክ በሁሉም ላይ መጫኑ ነው።

ዩቲዩብም እንከን አያጣም። «በኋላ ለማየት» ተብሎ የሚቀመጠው ዝርዝር ለሌላ ሰው ሊከፈት አይችልም፤ በዩቲዩብ ሙዚቃ መተግበሪያ የተሠሩ የዘፈን ዝርዝሮችም ከትምህርት ዝርዝሮች ጋር በአንድ ቦታ ተደባልቀው ይታያሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ባለቤቱ ያጠፋው ቪዲዮ ጉዳይ ነው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ሳይቀር ይሰወራል፣ የቀረው የማይገኙ ቪዲዮዎች ተደብቀዋል የሚል ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል፤ የትኛው ትምህርት እንደጎደለም ማወቅ አይቻልም። ዝርዝሩን ጉግል ቴክአውት በተባለው፣ ተጠቃሚው የራሱን መረጃ በሚያወርድበት አገልግሎት ወደ ኮምፒውተር ማውረድ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚገኘው ፋይል የእያንዳንዱን ቪዲዮ መለያ ኮድና የገባበትን ጊዜ እንጂ ርዕሱን አይዝም። ረጅም የትምህርት ዝርዝር ያለው ሰው ርዕሶቹን ከነቻናላቸው ስም በአንድ ማስታወሻ ላይ አስቀድሞ ቢገለብጥ፣ አንዱ ቢጠፋ ምትኩን ፈልጎ በቦታው ማስገባት ይችላል።